የተመልካቹ ድርሻ



የሰማዕታትን ገድል በምንሰማበት ጊዜ ልባችን ወደ ሰማዕቱና ወደ አንበሳው፣ ወደ ፈራጁና ወደ ሰይፉ ይሄዳል። በዙሪያው ተቀምጦ ይመለከት የነበረውን ሕዝብ ግን እምብዛም አናስታውሰውም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ተመልካች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሮማ ከተማ ፍራሹ እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው፣ ኮሎሲየም የተባለው ታላቅ አምፊቴአትር በቄሣር ቬስፓስያኖስ ዘመን ተጀምሮ፣ ኢየሩሳሌምን ባጠፋው በልጁ በጥጦስ ዘመን፣ በ80 ዓ.ም. ተመረቀ። የምረቃው በዓል 100 ቀን እንደ ቈየ የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሕንፃው ሞላላ ሆኖ መካከሉ ሜዳ፣ ዙሪያው በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ነበር፤ 50,000 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ሕዝቡ ሳይጋፋ ይገባ ዘንድ 80 በሮች ተሠርተውለት ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ዛሬም ይነበባል። መኳንንቱ ለሜዳው ቀርበው ከታች፣ ድኾችና ሴቶች ርቀው ከላይ ይቀመጡ ነበር። ፀሐይ እንዳያቃጥላቸውም መርከበኞች ታላቅ ሸራ ይዘረጉላቸው ነበር።

ይህን ያህል የተደከመለት ተመልካች ምን ሊያይ ይመጣ ነበር? ጧት አራዊት ሲታደኑ፣ ቀትር ላይ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ሲገደሉ፣ ከቀትር በኋላም ግላዲያተር የተባሉት ሰይፈኞች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ያይ ነበር። የፈሰሰውን ደም ይመጥ ዘንድ ሜዳው አሸዋ ይነሰነስበት ነበር፤ በላቲን ቋንቋ «አሬና» ማለት አሸዋ ማለት ነው። በሃይማኖተ አበው ትምህርቱን የምናነብለት አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳም በቄሣር ትራያኖስ ዘመን ከአንጾኪያ ታስሮ መጥቶ ለአራዊት የተሰጠው በዚህችው በሮማ ከተማ ነው።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «እኔ ገዳይ ነኝ» የሚል አልነበረም። ፈራጁ ሌላ፣ ሰይፍ የያዘው ሌላ ነው፤ እርሱ አይቶ ብቻ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ክርስቲያን አቴናጎራስ ለቄሣሮቹ በጻፈው መልእክት፣ ሰው ሲገደል ቆሞ ማየት ከመግደል እምብዛም ስለማይለይ ክርስቲያኖች ወደዚህ ትርኢት እንደማይሄዱ ገልጦላቸዋል።

ማየት ሰውን እንዴት እንደሚለውጠው አውግስጢኖስ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጵዮስ የጻፈው ታሪክ ያስረዳናል። አሊጵዮስ ሕግ ሊማር ወደ ሮማ የመጣ ወጣት ነበረ፤ ይህንንም ትርኢት ይጸየፍ ነበር። አንድ ቀን ባልንጀሮቹ በግድ ጐትተው ወሰዱት። እርሱም ሥጋው በዚያ ቢቀመጥ ልቡ በዚያ እንዳይኖር ቈርጦ ዐይኖቹን ጨፈነ። ነገር ግን አንዱ ተዋጊ በወደቀ ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ቢጮኽ፣ ጆሮውን አልደፈነም ነበርና ዐይኑን ገለጠ። ደሙን ባየ ጊዜ ከወደቀው ሰው ይልቅ የከፋ አወዳደቅ ወደቀ፤ ከሕዝቡ ጋር ጮኸ፣ ኋላም ሌሎችን እየጐተተ የሚመለስ ሆነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን ከዚህ ሱስ ተላቅቆ በአፍሪቃ በታጋስት ከተማ ጳጳስ ለመሆን በቅቷል።

ሌላም ሰው ነበረ። ቴሌማኮስ የተባለ መነኵሴ ከምሥራቅ ወደ ሮማ መጥቶ፣ ሰይፈኞቹ ሲዋጉ ባየ ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ወደ ሜዳው ወርዶ ሊያስቆማቸው ሞከረ። ተመልካቾቹም ደስታችንን አቋረጠብን ብለው በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ከዚያ ቀደም ሰይፍ ያልያዘው እጅ በዚያን ቀን ድንጋይ አነሣ። የቴዎዶስዮስ ልጅ ንጉሥ አኖሬዎስ ይህን ሰምቶ የሰይፈኞቹን ውጊያ እንደ ከለከለ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተጽፏል፤ ብዙዎች ዘመኑን 404 ዓ.ም. ያደርጉታል።

በሰሜን ኢጣልያ፣ በቬሮና ከተማ፣ እንደዚሁ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተሠራ አምፊቴአትር አለ። በዚያም ሰይፈኞች ይዋጉ ነበር። ከ1913 ዓ.ም. ወዲህ ግን በበጋ ሌሊት ሕዝቡ በዚያው የድንጋይ ደረጃ ተቀምጦ በዜማ የሚተወን ድርሰት ይሰማል። በመጀመሪያው ዓመት የቀረበው የቬርዲ ድርሰት «አይዳ» ነው፤ ይህም በግብጽ ስለ ተማረከች አንዲት የኢትዮጵያ ልዕልት የሚናገር ልብ ወለድ ነው። በመጨረሻውም ልዕልቲቱ በሕይወቱ ሳለ ሊቀበር ከተፈረደበት ወዳጅዋ ጋር በመቃብር ትሞታለች። እንግዲህ አስተውሉ፤ የጥንቱ ተመልካች እውነተኛ ሞት እያየ ደስ ይለው በነበረበት ድንጋይ ላይ፣ የዛሬው ተመልካች በተተወነ ሞት ያዝናል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ሰው ልብ ነው።

ስለዚህ ልባችንን እንመርምር። ዛሬ ወደ አምፊቴአትር መሄድ አያስፈልገንም፤ በእጃችን በያዝነው ስልክ የሚደበደብ፣ የሚዋረድ፣ የሚገደል ወንድማችን ይታየናል። አይተን ለባልንጀራችን ስናስተላልፍ አሊጵዮስን የጐተቱትን ባልንጀሮች መሆናችን ነው። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ከበን ስንቆምም አሸዋው ከእግራችን በታች አለ። ልበ አምላክ ዳዊት ዐይኖቹ ከንቱን ነገር ከማየት እንዲመለሱለት መለመኑ ስለዚህ ነው። ጠብ ባየን ጊዜ እንደ ሕዝቡ ከመጮኽ እንደ መነኵሴው ወርደን ማስታረቅ ይሁንልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።