የሳቅ ጋዝ ዕዳ

ገጣሚው ኮልሪጅን ሳስተምር አንድ ጉድ ዘልዬ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1799 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ፣ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ናይትረስ ኦክሳይድን፣ ማለትም «የሳቅ ጋዝን»፣ ለእሱና ለገጣሚው ሳውዚ ሰጥቷቸው ስበዋል። ያኔ ነገሩ ጨዋታ ነበር። በ1844 አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ የራሱን ጥርስ አስነቅሎ ማደንዘዣነቱን ፈተነ።

ዕዳው የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1978 የነርቭ ሐኪሙ ሮበርት ሌዘር ስለ 15 ሕሙማን ጻፉ፦ እጅና እግራቸው የደነዘዘ፣ ሲራመዱ የሚንገዳገዱ። 14ቱ የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ጋዙን ለደስታ ይስቡት ነበር። ጋዙ ቫይታሚን ቢ 12ን ያመክናል፤ ያለ እሱ ደግሞ የነርቭ ሽፋን ይጎዳል። ቫይታሚኑ ቀድሞውኑ ያነሰው ሰውማ ይብስበታል።

ብሪታንያ በ2023 ለመዝናኛ መያዙን ከለከለች። ጋዙን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሐኪሞች ካልዳኑ፣ ዛሬ በፊኛ የሚስበው ወጣት ምን ተማምኖ ነው?