የሐውቶርን ጥናት

የሐውቶርን ጥናት ከ1924 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የስልክ ዕቃዎች ፋብሪካ የተካሄደ ተከታታይ ምርምር ነው። ሠራተኛን የሚያተጋው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ከደመወዝና ከድካም አልፎ ወደ ሰዎች ግንኙነት በማሸጋገሩ ይታወቃል።

መነሻው የመብራት ጉዳይ ነበር። መሐንዲሶቹ ብርሃን ሲጨምር ምርት ይጨምራል ብለው ቢጠብቁም፣ ውጤቱ ከመብራቱ ጋር አልገጠመም።

በ1927 ጥቂት ሴት ሠራተኞች ለብቻቸው በአንድ ክፍል ተመደቡ። ዕረፍታቸው፣ የሥራ ሰዓታቸውና የክፍያቸው ስሌት በየጊዜው ተለዋወጠ፤ ስለ ለውጦቹም አስተያየታቸውን ይጠየቁ ነበር። ምርታቸው በአመዛኙ ከፍ እያለ ሄደ። የሃርቫርዱ ኤልተን ማዮ ይህን የቡድን መንፈስና የአለቆች ትኩረት ፍሬ አድርጎ ተረጎመው።

ቡድን ግን ሥራን ሊገታም ይችላል። ከ1931 ጀምሮ የተጠኑ 14 ወንድ ሠራተኞች የቀን ምርታቸውን ልክ እርስ በርስ ወስነው፣ ከልኩ ያለፈውን ባልደረባ ይቀጡ ነበር።

ተቺዎች የተጠኚዎቹን ቁጥር ማነስ፣ የክፍያውን መለወጥና በመሀል የሁለት ሴቶችን በሌሎች መተካት ያነሣሉ። የጥናቱ ዝርዝር በ1939 በመጽሐፍ ታትሟል።