በቁም የወጣ ተዝካር

በአገራችን ከሞተ በኋላ የሚያስታውሰው ማግኘቱን የሚጠራጠር ሰው፣ በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ያወጣል። የቁም ተዝካር ይባላል። ከእንግሊዝ የሮክ ቡድኖች ሁሉ አብልጬ የምወደውን የፒንክ ፍሎይድን ዘፈኖች ባዳመጥኩ ቁጥር ይህ ልማድ ትዝ ይለኛል። ልዩነቱ፣ ተዝካሩን ያወጡት ባለቤቱ ሳይሆን ጓደኞቹ መሆናቸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሲድ ባሬት ይባላል። በ1946 በኬምብሪጅ ከተማ ተወለደ። ቡድኑ በ1965 ለንደን ውስጥ ሲቋቋም፣ ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፋኞች ስም ቀንጭቦ ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ግጥምና ዜማ ይደርሳል፣ ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል። በ1967 ወጥቶ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ስድስተኛ የሆነው "ሲ ኤሚሊ ፕሌይ" የእርሱ ድርሰት ሲሆን፣ ከምወዳቸው የመጀመሪያው ነው።

ዳሩ ግን ያ የዝናው ዓመት የውድቀቱም ዓመት ሆነ። ኤል.ኤስ.ዲ. የተባለውን ቅዠት አምጪ ዕፅ ያዘወትር ነበርና አእምሮው ታወከ። መድረክ ላይ ጊታሩን አንግቶ ዝም ብሎ የሚቆምበት ጊዜ በዛ። ጓደኞቹ የኬምብሪጁን አብሮ አደጉን ዴቪድ ጊልሞርን ጨመሩ። በጃንዋሪ 1968 ወደ አንድ ዝግጅት ሲሄዱ ግን ባሬትን ከቤቱ መውሰዱን ተዉት። ሸንጎ አልተቀመጠበትም፤ ጠብም አልነበረም። መኪናይቱ በቤቱ በኩል ሳታልፍ ቀረች፤ በቃ። በዚያው ዓመት በወጣው አልበም መጨረሻ ላይ ያለው "ጀግባንድ ብሉዝ" የእርሱ የስንብት ዘፈን ነው። በቦታው ስለመኖሩ የሚጠራጠር ሰው ድምፅ ይሰማበታል። ሁለተኛው ምርጫዬ ነው።

ጓደኞቹ ጨርሰው አልጣሉትም። በ1970 ለብቻው ያወጣቸውን ሁለት አልበሞች ሲሠራ አግዘውታል። ይሁንና ቡድኑ እውነተኛውን ሀብትና ዝና ያገኘው ያለ እርሱ ነው። የ1973ቱ "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን" እስከ 1988 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ቆይቷል። በውስጡ ያለው "ብሬን ዳሜጅ" የአእምሮን መታወክ የሚያነሣ ሲሆን፣ ደራሲው ሮጀር ዋተርስ ሲጽፈው ባሬትን እያሰበ ነበር። ሦስተኛዬ እርሱ ነው።

ተዝካሩ ግን በይፋ የወጣው በ1975 ነው። "ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ" የተባለው ለባሬት የተሠራ ዘፈን 26 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሰው ድምፅ ሳይሰማ ስምንት ደቂቃ ያልፋል። ጁን 5 ቀን 1975 ቡድኑ በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሥራ ላይ ሳለ፣ ፀጉሩንም ቅንድቡንም የተላጨ ወፍራም ሰው ገባ። ለጊዜው ማንም አላወቀውም። ሲድ ባሬት ነበር! ተዝካር የወጣለት ሰው በእግሩ መጥቶ ከድንኳኑ ቢቀመጥ ለቀስተኛው ምን ይላል? ከመካከላቸው እንባውን ያፈሰሰም ነበር።

በዚያው አልበም ያለው "ዊሽ ዩ ወር ሂር" የአጠገብን ሰው መናፈቅ ነውና ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ለኢትዮጵያ ረሃብ ከተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ 20 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን 2005 በለንደን በተካሄደው ላይቭ 8፣ ተለያይተው የኖሩት የቡድኑ አባላት አንድ ላይ ቆመው ሲጫወቱት ዋተርስ ከባሬት ጋር አያይዞ ስሙን ጠራ። ባሬት በዓመቱ፣ ጁላይ 7 ቀን 2006፣ በ60 ዓመቱ በኬምብሪጅ አረፈ።

እነዚህ ዘፈኖች የፍቅር ናቸው ወይስ የጸጸት? እኔ ሁለቱንም እሰማባቸዋለሁ። አንባቢስ፣ መኪናህ ሳታልፍበት የቀረችው የማን ደጃፍ ነው?