ባሕር ማዶ የሄደ ተማሪ ምን ያያል?

የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ ወገን «ሂድ፣ ዓይንህ ይገለጣል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሄዶ የተመለሰ ማን አለ? ቢመለስስ አገሩን ንቆ አይደል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገን ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ባዕዱ አገር ይመስለዋል። ተማሪው ባዶ እንስራ ነው፤ እዚያ ያለው ውሃ ይሞላበታል፣ አለቀ። ታሪካችንን ገለጥ አድርገን ስናይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አናገኘውም። ለማስረጃ ያህል ሦስት ሰዎች ላንሳ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ምፅዋ አጠገብ ባለው የምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከወደቡም በመርከብ ሄዶ ኦስትሪያ ደረሰ፤ በጀርመን አገር ሕክምና ተማረ። ተመልሶ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን ጻፈ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ግን የታተመው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1924 ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ ከአድዋ ድል በኋላ፣ ገና ልጅ ሳለ ወደ ሩሲያ ተወስዶ የመድፈኛ ትምህርት ተማረ። የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው እሱ ነው፤ አርአያ ያደረገውም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት ነበር።

የሁለቱ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «እነሱ በምን በለጡን?» መልሱንም በቀረጥ፣ በግብር፣ በትምህርትና በሕግ ውስጥ ፈለጉት። ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም አልተዘጋም። ሆኖም አገርን ከአገር ጎን አቁሞ የሚለካ፣ የመንግሥትን ሥራ የሚመለከት ጥያቄ ነው። ተጓዡ ራሱን አይጠይቅም።

ሦስተኛው መላኩ በያን ነው። የእሱ ነገር ለየት ይላል። በ1900 የተወለደው መላኩ ያደገው በሐረር ከመኳንንት ግቢ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ለትምህርት ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ ሆኖ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ከዚያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄደ። በኦሃዮ ግዛት በምትገኝ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በማስኪንገም ኮሌጅ ተምሮ በ1928 ተመረቀ።

እስቲ ጊዜውን አስቡት። ልጁ የመጣው አድዋ ላይ ነጭን ድል ከነሳ አገር ነው። ከአገሩ ሳይወጣ «ጥቁር ነህ» ብሎ በር የዘጋበት አልነበረም። አሜሪካ ደግሞ በደቡቡ ክፍሏ የባቡሩን ፉርጎ፣ ትምህርት ቤቱን፣ የውሃ መጠጫውን ሳይቀር በሕግ በቀለም ከፋፍላለች፤ በሰሜኑም ቢሆን ያልተጻፈው ሕግ ከተጻፈው አይተናነስም። እዚያ የዘር ሐረግ ብትቆጥር ማን ይሰማሃል? የሚታየው ቆዳህ ነው።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ ወጣት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው «እኔ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነኝ እንጂ ከነዚህ ወገን አይደለሁም» ብሎ መሸሽ ነው። መንገዱ ቀላል ነው፤ ለክብርም ይስማማል። መላኩ ሁለተኛውን መረጠ። ሕክምና ለመማር ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ይህም በ1867፣ ባርነት በተሻረ ማግሥት ለጥቁሮች በሩን የከፈተ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1931 ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። በ1935 ዶክተር ሆኖ ተመረቀ። ከአገሩ የያዘው ኩራት አልጠፋም፤ ብቻ ሰፋ። «የኔ ወገን» የሚለው ቃል ከሐረር ግቢ ወጥቶ እስከ ኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ደረሰ።

ይህ ስሜት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ለታሪክ ባልተረፈ። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን የቺካጎው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መጥቶ በአየር ኃይላችን እንዲያገለግል ካገናኙት ሰዎች አንዱ መላኩ ነበር። ራሱም ተመልሶ በሐኪምነት አገለገለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ እንደገና ወደ አሜሪካ ተላከና በኦገስት 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ አቋቋመ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም ይወጣ ጀመር። የቀን ሠራተኛውም፣ የቤት ሠራተኛዪቱም አይተውት ለማያውቁት አገር ሳንቲም አዋጡ። መላኩ በ1940፣ በአርባ ዓመቱ ሞተ። በዓመቱ አዲስ አበባ ነፃ ወጣች፤ እሱ አላየም። ከጦርነቱ በኋላ ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ወገኖች መሬት የተሰጠው በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ነው።

«ታዲያ እሱ የተላከው በደሃው ገበሬ ግብር አይደለም ወይ? ስንቱስ ተልኮ ካባውን ደርቦ ከመመለስ በቀር ምን አመጣ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ መርከቡ ማንንም አይለውጥም። መላኩ የተለወጠው አሜሪካን ስላየ ሳይሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ስለመረጠ ነው።

እንዲያውም ለመለወጥ መሄድ ብቻ አይደለም መንገዱ። በ1958 ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ሁለት መቶ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ወጣቶች የነፃነት ትግላቸውን ወሬ ይዘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። የኛዎቹ ከቅኝ ገዥ ነፃ ነን ብለው ሲኮሩ፣ እንግዶቹ ግን ስለ መንግሥትና ስለ ፖለቲካ በድፍረት ሲከራከሩ አገኟቸው። ያን ጊዜ «ለመሆኑ እኛ ለምን ዝም እንላለን?» የሚል ጥያቄ ተወለደ። ተጓዡ ሌላ፣ የተለወጠው ደግሞ እቤቱ የተቀመጠው።

«የተማረ ይግደለኝ» ሲል ሕዝባችን አደራ ጥሎብናል። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የሚሄድ ሰው ሲገጥመን «ምን ይዘህልን ትመጣለህ?» ከማለታችን በፊት «እዚያ ከማን ጎን ትቆማለህ?» እንበለው። ለምንቀረውም ያው ጥያቄ አለ፤ ለዚህኛው ፓስፖርት አያስፈልግም።