ካትሪና አውሎ ነፋስ፦ የመንግሥት ዝግጅትና ምላሽ

ካትሪና ኦገስት 29 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሉዊዚያናንና የሚሲሲፒን ጠረፍ የመታ ከባድ አውሎ ነፋስ ነው። አደጋው ያልታሰበ አልነበረም። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ (ፌማ) ከሉዊዚያና ግዛት ባለሥልጣናት ጋር በጁላይ 2004 «ፓም» በተባለ ምናባዊ አውሎ ነፋስ የኒው ኦርሊንስን መጥለቅለቅ ተለማምዶ ነበር። ይሁንና ከንቲባ ሬይ ኔጊን ነዋሪው በግዴታ ከተማዋን እንዲለቅ ያዘዙት አውሎ ነፋሱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ትእዛዙ የጠቀመው በዋናነት ባለመኪናውን ነው፤ መኪና የሌላቸው ድሆች፣ አረጋውያንና ሕሙማን በብዛት እዚያው ቀሩ፤ የዝግጅቱ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነበር። የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ሲደረመሱ 80 በመቶ የሚሆነው የከተማዋ ክፍል በውሃ ተዋጠ። በሱፐርዶም ስታዲየምና በስብሰባ ማዕከሉ የተጠለሉት ሰዎች የሚያወጣቸውን አውቶቡስ ለቀናት ጠበቁ። በአንጻሩ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይሉ ከ33,000 በላይ ሰዎችን አትርፏል። የሟቾቹ ቁጥር ከ1,300 ይበልጣል። የፌማ ኃላፊ ማይክል ብራውን ሴፕቴምበር 12 ሥራቸውን ለቀቁ። ኮንግረስ በ2006 የፌማን አደረጃጀት በሕግ አሻሻለ፤ ብዙዎች የቤት እንስሳቸውን ትተው መውጣት እምቢ ብለው ስለነበር፣ የመልቀቂያ ዕቅዶች እንስሳትንም እንዲያካትቱ በሌላ ሕግ ደነገገ።