ቁጥሩ የተሰወረው ከማን ነው?

ደጃችንን ያንኳኳን ሰው «ማነው?» እንለዋለን፤ ስልክ የደወለልንን ግን «ማን ልበል?» ብለን በትሕትና እንጠይቃለን። ጨዋ ጥያቄ ነው። መልስ የሚያጣበት ጊዜ ግን አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ቁጥሩ የማይታይ ስልክ ሌሊት ሌሊት ይደወልልኝ ነበር። ሳነሣው ደዋዩ ስሜን ከነአባቴ ይጠራል፤ ጥቂት ይተነፍሳል፤ ይዘጋል። እንዳላነሣው ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ዘመዶቼ ጥሪያቸው ባሕር አቋርጦ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቁጥር አልባ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። መርዶውም የምሥራቹም የሚገባው በዚያው በር ነው። በመጨረሻ ወደ ስልክ ኩባንያዬ ሄድሁ። ሠራተኛው «ቁጥሩ የተሰወረ ነው» አለኝ። «ከእኔ ነው ወይስ ከእናንተም?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት ዝም አለና «የፖሊስ ወረቀት ያምጡ» ሲል መለሰልኝ። ይህችን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ያቺ አጭር ዝምታ ናት።

የስልክን ታሪክ ወደ ኋላ ብንመለከተው ነገሩ ግልጽ ይሆናል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ በ1878 በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ ሥራ ሲጀምር በደዋይና በተደዋይ መካከል ሰው ተቀምጦ ነበር። አገናኙ ማን ማንን እንደሚፈልግ ሳያውቅ መስመሩን ሊያገናኝ አይችልም። በእኛም አገር በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሲዘረጋ ሥርዐቱ ይኸው ነበር። እጀታው እየተሽከረከረ በሚደወልባቸው የገጠር ከተሞቻችን የቴሌው ሠራተኛ ከንስሐ አባት ያላነሰ ምሥጢር ያውቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዘመን ስውር ደዋይ ሊኖር አይችልም ነበር፤ ምሥጢር ጠባቂ አገናኝም ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነበር።

ይህን የለወጠው ነገር የተጠነሰሰው በካንሳስ ሲቲ ነው። አልሞን ስትሮውጀር የሚባል የቀብር አስፈጻሚ፣ እንደሚተረከው፣ አገናኟ የእርሱን ደንበኞች ወደ ተፎካካሪው ትመራበታለች ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ሥራ ወለደ፤ ያለ ሰው የሚያገናኝ አውቶማቲክ ማዞሪያ ሠርቶ በ1891 የባለቤትነት መብት አገኘበት። በዓመቱ ኢንዲያና ውስጥ ላፖርት በተባለች ከተማ መሣሪያው ሥራ ጀመረ። ስትሮውጀር የሸሸው የሚያውቀውን ሰው ነበር። ሰውየው ከመካከል ሲነሣ ግን ስሙን ሳይናገር ደውሎ የሚያስፈራራውም አብሮ ተወለደ። የዚያን ጊዜ ደዋዩን ለማወቅ ባለሙያዎች ጥሪው ሳይቋረጥ መስመሩን ከመሣሪያ መሣሪያ እየተከተሉ መፈለግ ነበረባቸው።

ኮምፒዩተር ወደ ማዞሪያው ሲገባ ዕውቀቱ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን በቅድሚያ ለኩባንያው ነው። የደዋዩን ቁጥር ለተደዋዩ የሚያሳየው አገልግሎት በአሜሪካ በ1987 በኒው ጀርሲ ለሕዝብ ሲቀርብ ብርቱ ክርክር አስነሣ። አንዱ ወገን «ቤቴን የሚያንኳኳውን ማወቅ መብቴ ነው» አለ። ሌላው ወገን ከሚደበድባቸው ባል ሸሽተው በመጠለያ የሚኖሩ ሴቶችን ጠቀሰ፤ እናት ልጇን ለማነጋገር ስትደውል መሸሸጊያዋ ሊታወቅባት ነው። በፔንሲልቬኒያ ፍርድ ቤቶች በ1990 እና በይግባኝ በ1992 አገልግሎቱ የግዛቲቱን የስልክ ጠለፋ ሕግ ይጥሳል ብለው ፈረዱ። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ደንብ በ1995 መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለቱንም ወገን አስታረቀ፤ ቁጥሩ ይታያል፤ ያልፈለገ ደዋይ ኮከብ 67 ብሎ ያለ ክፍያ ይሰውረዋል።

እርቁ ፍትሐዊ ይመስላል። አሠራሩን ለተመለከተ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ኮከብ 67 ሲባል፣ በሞባይልም መሰላል 31 መሰላል ሲባል፣ ቁጥሩ ከጥሪው ጋራ መጓዙን አይተውም። አብሮት «ለተደዋዩ አታሳዩ» የሚል ምልክት ይጓዛል፤ ይኸው ነው። የተደዋዩ ኩባንያ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ ምልክቱን አይቶ፣ ለደንበኛው ያስቀርበታል። እዚያው አሜሪካ በ800 ወደሚጀምሩት ነጻ መስመሮች የሚደውል ሰው ቁጥሩን ቢሰውርም ሒሳቡን የሚከፍለው ድርጅት ሊያየው ይችላል። እንግዲህ ስውር ቁጥር ከኩባንያው አልተሰወረም፤ ከመንግሥትም አልተሰወረም። የተሰወረው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስልኩ በሌሊት ከጮኸበት ሰው።

በአገራችን ይህ ልዩነት ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። ሞባይል በ1999 አዲስ አበባ ሲገባ ቁጥርን የሚያሳየው መስታወት በብዙዎቻችን እጅ ገባ። የስልኩ መዝገብ ግን በሌላ እጅ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2014 ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ የጸጥታ ሰዎች የስልክ ተጠቃሚዎችን የጥሪ መዝገብ ያለ ገደብ ሊባል በሚችል ሁኔታ ያገኙ እንደ ነበርና የተቀዱ ንግግሮችም በምርመራ ላይ እንደ ቀረቡ ገልጿል። በዚያን ጊዜ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው አንድ፣ እርሱም የመንግሥት ነበር። ዜጋው ማን እንደ ደወለለት ሳያውቅ ማንን እንዳነጋገረ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው። አንዱ ወገን ብቻ በሚያይበት መስታወት ፊት መቀመጥ ይህ ነው።

ቁጥር መሰወር ይከልከል አልልም። የተሸሸገችው እናትና ጋዜጠኛን የሚያነጋግረው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህ መጋረጃ ያስፈልጋቸዋል። የሚታየውም ቁጥር ቢሆን ዛሬ አይታመንም፤ አጭበርባሪው የሌላ ሰው ቁጥር ለብሶ ይመጣል፤ አሜሪካም ይህን የሚከለክል ሕግ በ2010 ማውጣት ግድ ሆኖባታል። የምለው አንድ ነው፤ መጋረጃው ለደካማው ከተሰቀለ የሚገለጥበት ሥርዐትም ለደካማው ይሠራ። በስውር ስልክ የሚዛትበት ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብበት ግልጽ መንገድና መልስ የሚያገኝበት ቀን ይኑረው። የጥሪ መዝገብም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም ባለሥልጣን አይከፈት።

እኔ ከዚያ ወዲህ ቁጥር አልባውን ስልክ አነሣዋለሁ፤ ስሜን ግን ቀድሜ አልናገርም። «ማን ልበል?» እላለሁ፤ መልስ ካጣሁ ዘግቼ ቀኑንና ሰዓቱን ከነደቂቃው በደብተር እጽፋለሁ። ቁጥሩን ባላውቀውም ሰዓቱ ካለ መዝገቡ ደዋዩን ያወጣዋልና። ያን ጊዜ የፖሊሱን ወረቀት የሰዓቶቹን ዝርዝር አባሪ አድርጌ አቀረብሁ። በሳምንቱ ጥሪው ቆመ። ደዋዩ ማን እንደ ነበር ብጠይቅ ግን «ልንገልጽልዎ አንችልም» ተባልሁ።

እነርሱ ያውቁታል። እኔ እስከ ዛሬ አላውቀውም።