ያልተገራ ሞተር

እናቴ ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ቆሞ ባየችው ጊዜ ዋጋውን አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ አንድ ጊዜ ዞረችውና፣ «ሰው በገንዘቡ በሽታ ይገዛል?» ብላ ወደ ማድቤቷ ገባች። ሐዋሳ ሞተር ብርቅ የሆነበት ከተማ አይደለም። ግን የሰው ልጅ ሲነዳ ማየትና የራስ ልጅ ሲነዳ ማየት ለካ ለየቅል ነው።

እኔ ደግሞ በቂ ምክንያት ነበረኝ። ደመወዝ የሌለው ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ነው የሚውለው፤ አንዱ ቢሮ «ነገ ና» ይላል፣ ማተሚያ ቤቱ «ከሰዓት ተመለስ» ይላል፤ የባጃጁ ሂሳብ ከጽሑፉ ክፍያ ጋር ትከሻ ለትከሻ መለካካት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ዕቁቤ እንደወጣልኝ የህንድ ስሪት የሆነ ባለ 100 ሲሲ ሞተር ገዛሁ። ሊብሬው በስሜ ሲጻፍ የተሰማኝን ኩራት እዚህ አላትትም።

መንዳቱ አላሳሰበኝም ነበር። የሐዋሳ ልጅ ሳይክል ላይ ነው የሚያድገው፤ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር በኪራይ ሳይክል ያልለካሁት መንገድ የለም። መንጃ ፈቃዱንም በወጉ ተምሬ ነው ያወጣሁት። ችግሩ የተማርኩበት ሜዳ ላይ በግም ባጃጅም አለመኖሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፒያሳ መሐል ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ መልቀቅ ሲገባኝ እንደ ጋለ ድስት እለቀዋለሁ፤ ሞተሩ አንዴ ዘሎ ጸጥ ይላል። ከኋላዬ የተሰለፉት ባጃጆች ጡሩምባቸውን ነፉብኝ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አስግጎ፣ «ወንድሜ፣ ብትገፋው አይሻልም?» አለኝ።

ያን ምሽት፣ በንዴት ይሁን በእልህ፣ ይህን ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ያመጣብን ማን እንደሆነ ለማወቅ ማገላበጥ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያገኘሁት ታሪክ ግን ንዴቴን ወደ ምስጋና የሚቀይር ሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1885 ነው። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ የተባሉት ጀርመኖች ካንሽታት ውስጥ የሠሯትን ትንሽ የቤንዚን ሞተር ለመሞከር ከእንጨት በተሠራ ባለ ሁለት ጎማ አካል ላይ ሰቀሏት። ጉልበቷ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነበር። እንዳትወድቅም በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች ተደረጉላት፤ ዛሬ ለሕፃናት ሳይክል እንደሚደረገው ማለት ነው። የመጀመሪያው ነጂ የዳይምለር ወጣት ልጅ ነበር። ሞተሯ የምትጋለው ከመቀመጫው ሥር ስለነበረ በዚያ ጉዞ ላይ መቀመጫው በእሳት ተያይዟል ይባላል። አባቱና ማይባኽ ግን ልባቸው ያለው ሠረገላና ጀልባ ላይ ነበርና ሞተር ብስክሌቷን ብዙም ሳይቆዩ ተዋት።

ለገበያ በብዛት የተሠራው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት ከ1894 ጀምሮ ሙኒክ ውስጥ የወጣው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሥሪት ነው። ስፋቱ 1,489 ሲሲ ነበር፤ ከእኔው ወደ 15 እጥፍ ይጠጋል። ጉልበቱ ግን 2.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አልነበረውም። ፒስተኖቹ ልክ እንደ ባቡር በዘንግ አማካይነት የኋላ ጎማውን በቀጥታ ነበር የሚያዞሩት፤ ጎማው ከቆመ ሞተሩም ይጠፋል፣ ሞተሩ እንዲነሣ ደግሞ ጎማው መዞር አለበት። እንግዲህ ነጂው እየገፋ ይሮጥና ሲነሣለት ዘሎ ይወጣል። መንገድ ላይ ላም ብትቆምበት ከመጀመሪያው ይጀምራል። የፒያሳው ባለ ባጃጅ «ብትገፋው አይሻልም?» ያለኝ ሳያውቀው የሙኒክን ደንበኞች ኑሮ ነው። በግራ እጄ የምጨብጣት ያቺ ቀጭን ዘንግ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ መቆም ይቻል ዘንድ ስንት ሰው ሮጦ እንደመጣች ከዚያ በኋላ ገባኝ። በሳምንቱ ፒያሳን ሳልጠፋ አለፍኩ።

መንዳቱ ሲለምድልኝ ጥገናው መጣ። ከሞተሩ ጋር የተሰጠኝ መጽሐፍ በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይት ይቀየር፣ እስከዚያም ሞተሩ አይጨነቅ ይላል። እኔ ደግሞ መጽሐፍ አንብቤ ስለምኖር መጽሐፍ አላምንም። ቆጣሪው 1,100 ሲል ነው ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋ የሄድኩት። ዘይቱን አሮጌ ሳህን ላይ አፍስሰው ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ የብር ብናኝ የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል።

«ምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ቆሻሻ።»

«ቆሻሻስ ከውጭ ይመጣል። ይኼ ከራሱ ሆድ የወጣ ነው። ብረት ነው፣ ልጄ። ሞተሩ ገና አልተገራም፤ አንተ ደግሞ የራሱን ፍርፋሪ መልሰህ ስታጎርሰው ከረምክ።»

ነገሩን እንዲህ አድርገው አስረዱኝ፦ አዲስ ብረት ሲነኩት ለስላሳ ይምሰል እንጂ ፊቱ በዓይን በማይታይ ሸካራ ነገር የተሞላ ነው። በፒስተኑ ላይ ያሉት ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እየተፋጩ አንዱ በአንዱ ልክ ይቀረጻል። የሚረግፈው ብናኝ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ያው ብናኝ ሊለሰልስ የነበረውን ሁሉ መልሶ ይቧጭራል።

ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ሥራ አልፈታም። «ያቺን ካቻቢቴ ወዲህ በል… ካንዴላውን እንየው… ፍሬኑን ማነው እንዲህ ያጠበቀብህ?» ይላሉ። ጆሮዬ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ከህንድ መጣ፣ እኛ በአማርኛ እናወራለን፤ ቃላቱ ግን ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ… ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው፣ ፍሬቻ ደግሞ ቀስት። ወራሪው ጦር በ1941 ተሸንፎ ሲወጣ ከጣልያኖቹ ጥቂት የማይባሉ ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተዋል፤ የእኛም ልጆች ከእነሱ ሥር ገብተው መፍቻ እያቀበሉ ሙያውን ቀሰሙ። ሙያው ከአፍ ወደ ጆሮ ስለተላለፈ ስሙም አብሮ ተላለፈ። ጋሼም ገና በልጅነታቸው መፍቻ ያቀበሉት እንዲህ ጣልያን ሥር ላደገ ሰው ነው። እሳቸው ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የላቸውም፤ «ካንዴላ አማርኛ ነው፤ አማርኛ ባይሆን አንተ እንዴት ሰማኸው?» ብለው ዘጉኝ።

በዘይቱ ነገር አፍሬ ነበርና የድሮዎቹን ጠየቅሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በነበሩት በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ዘይት የሚሰጠው ነጂው ራሱ ነበር። ከቤንዚኑ ጋን አጠገብ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለች፤ የተወሰነ መንገድ በተጓዘ ቁጥር አንዴ ይጫናታል። ዳገት ከሆነ ይጨምራል፤ ካበዛው ጭስ ያፍነዋል፣ ከረሳው ሞተሩ ይነክሳል። ያ ዘይት አንዴ ካለፈ አይመለስም፤ ተቃጥሎ ወይም መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ጎማውን የሚያዞረው በካቴና ፈንታ ቺንጋ የሆነባቸውም ዝናብ ሲመታቸው ይንሸራተቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሞተረኛና መካኒክ ሁለት ሰው አልነበሩም።

ሁለት ያደረጓቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማነሣው በ1958 ጃፓን ውስጥ የወጣችውን የሆንዳ ሱፐር ካብን ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ ከጦርነቱ በኋላ ወታደሩ ጥሏቸው የሄደውን የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮች ሳይክል ላይ እየገጠመ የጀመረ ሰው ነው። ሽያጩን የሚመራው ባልደረባው ታኬዎ ፉጂሳዋ ለአዲሱ ሞተር ያቀረበው መመዘኛ የመሐንዲስ ቋንቋ አልነበረም፤ የምግብ ቤት ተላላኪ በአንድ እጁ የሾርባ ትሪ ይዞ በሌላው እጁ ሊነዳት ይገባል አለ። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ቀረ፤ ማርሹ በእግር ብቻ ይቀየራል። ልብስ እንዳይቆሽሽ ከፊት የፕላስቲክ ጋሻ ተደረገ። 50 ሲሲ ብትሆንም ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር መቀላቀል አላስፈለጋትም። በ2017 የተሠሩት ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። ሞተር ከአዋቂ እጅ ወጥቶ የማንም ሰው የሆነው ያኔ ነው። እኔን የመሰለ፣ 1,100 ኪሎ ሜትር ድረስ ዘይት የሚባል ነገር መኖሩን የሚረሳ ሰውም የተፈጠረው ያኔ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወደቅሁበት ቀን ልምጣ። ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛው ወር ነበር። ከአሞራ ገደል ዓሣ በልቼ ስመለስ አንድ ልጅ ከእሱ በሚበልጥ ሳይክል ከቅያስ ወጥቶ ፊቴ ገባ። የፊቱን ፍሬን ባለኝ ኃይል ጨበጥሁት። የፊት ፍሬን ትልቁን ሥራ የሚሠራ ነው፤ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይሄዳልና። ግን ቀስ በቀስ ነው የሚጨበጠው፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ አሸዋ ነበር። ጎማው ተቆለፈ፣ ተንሸራተተ፤ እኔ በግራ ትከሻዬ አረፍኩ። ልጁ ምንም አልሆነም። ሄልሜቴም ምንም አልሆነም፤ ክንዴ ላይ እንደ ዘንቢል ተንጠልጥሎ ነበርና። ጭንቅላቴ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም ነበር። ልጁ ሳይክሉን ጥሎ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሞትክ እንዴ?» አለኝ።

ትከሻዬ ታስሮ በተኛሁበት ሳምንት ያነበብኩት የቲ. ኢ. ሎሬንስን አሟሟት ነው። የዓረቢያው ሎሬንስ የሚሉት እንግሊዛዊ በሞተር ፍቅር ያበደ ነበር፤ ብራፍ ሱፒሪየር የተባለውን የዘመኑን ውድ ሞተር ሰባት ጊዜ ገዝቷል፣ ስምንተኛውን አዝዞ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1935 ዶርሴት ውስጥ ከቤቱ አጠገብ ሳይክል በሚነዱ ሁለት ልጆች ላይ ደረሰባቸው። እነሱን ሊያስት ሲል ወደቀ። ራሱ ላይ ምንም አልነበረም። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ።

ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን በዚያ አልተወውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ 21 ወራት ብሪታንያ ውስጥ 2,279 ሞተረኞችና ከኋላ የተሳፈሩ ሰዎች መንገድ ላይ መሞታቸውን ቆጠረ። የራስ ቁር አድርገው የተጎዱ ግን ያገኘው ሰባት ብቻ ነበር፤ ሰባቱም አልሞቱም። ይህን በ1941 በሕክምና መጽሔት አወጣው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የብሪታንያ ጦር ሞተረኞቹን ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ሲቪሉ ሕዝብ ላይ ሕጉ የጸናው ግን በ1973 ነው። 32 ዓመት! ያን ያህል ጊዜ ሰው ምን ሲል እንደነበር መገመት አያቅተኝም፤ እኔም «ይሞቃል፣ ሰፈር ውስጥ እኮ ነኝ» ስል ነበር።

ዛሬ ቆጣሪው 6,000 አልፏል። ዘይቱን በጊዜው አስቀይራለሁ፤ ካቴናውን ቅዳሜ ጧት በጣቴ እየገፋሁ ከሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ መርገቡን አያለሁ፣ ከላላ አጠብቃለሁ፣ ዘይት አጠጣለሁ። ጋሼ ሳህኑን ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሉ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታይም። ለእናቴም ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ላደርሳት አስቤ ሁለተኛ ሄልሜት ገዛሁላት። ለክታው፣ «ሻሼን ያበላሽብኛል» ብላ በባጃጅ ሄደች። ሄልሜቱ አሁን ማድቤት ውስጥ ነው፤ ሽንኩርት አስቀምጣበታለች።